«ቀለም ቢቀቡት አዲስ ይመስላል»

አሜሪካ ውስጥ ያረጀ የኮሌጅ ስታዲየም ባለበት ሁሉ ይህቺ ዓረፍተ ነገር አትጠፋም። «ቀለም ቢቀቡት እኮ አዲስ ይመስላል።» የሚላት ሰው የቀድሞ ተማሪ ሊሆን ይችላል፤ ልጁ ሲጫወት ለማየት የመጣ አባት ሊሆን ይችላል፤ በጀት የሚያጸድቅ የቦርድ አባልም ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቢሏት ማንም አይጎዳም። የቦርዱ ሰው ሲላት ግን ገንዘቡን ውኃ ይበላዋል። ለአነጋገር ማሳመሪያ ብዬ አይደለም፤ በእርግጥም ውኃ ነው የሚበላው፣ እንዴት እንደሆነ እመጣበታለሁ።

ጉዳዩ ከእኛም ሩቅ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ከተመሠረተበት ከ1984 ጀምሮ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) በየዓመቱ ጁላይ ላይ በሚያዘጋጀው ውድድር ብዙዎቻችን የኮሌጅ ሜዳ ረግጠናል። 30ኛ ዓመቱ በ2013 የተከበረውም በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ትሪቡን ላይ ተቀምጠን ባንዲራ አውለብልበናል፣ ከትሪቡኑ ሥር ሳምቡሳና ቡና ፍለጋ ዞረናል። እዚያው እየዞረ ቀና ብሎ ኮንክሪቱን ያየ ግን ጥቂት ነው። ያየም ቢሆን «ምነው አይቀቡትም?» ብሎ አልፏል።

ስታዲየሞቹ ባንድ ጊዜ ያረጁት ባንድ ጊዜ ስለተወለዱ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዩኒቨርሲቲዎቹ በአሜሪካው ፉትቦል ፍቅር ተይዘው እየተፎካከሩ ገነቡ፤ ኦሃዮ በ1922፣ በርክሌይ በ1923፣ ሚሺጋን በ1927፣ ኖተርዳም በ1930። ከእነሱ በፊት ሃርቫርድ በ1903፣ ዬል በ1914 ሠርተዋል። ዕቃው በአብዛኛው አርማታ ነው፤ ማለትም ፌሮ የታሰረበት ኮንክሪት። ዛሬ መቶ ዓመት የሞላው ወይም ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ክረምት በረዶ በጋ ፀሐይ ሲፈራረቅበት የኖረ አርማታ ማለት ነው። ስለ እሱ የሚወራው ተረትም ከዕድሜው ጋር አብሮ በዝቷል። ከሁሉም ብዙ ጉዳት ያደረሰው የመጀመሪያው ስለሆነ ብዙውን ቦታ ለእሱ እሰጣለሁ።

ተረት፦ «የሚያስጠላው ቀለሙ ስለለቀቀ ነው፤ ከተቀባ ይታደሳል»

ከትሪቡኑ ሥር ግቡ፣ መጸዳጃ ቤቱና የምግብ መሸጫው ወዳለበት ጨለምለም ያለ መተላለፊያ። ቀና በሉ። ጣሪያ ሆኖ የሚታያችሁ የመቀመጫው ደረጃ ሆድ ነው። እዚያ ላይ ሁለት ዓይነት ምልክት ታገኛላችሁ። አንደኛው ስንጥቁን ተከትሎ የወጣ ነጭ ቅርፊት ነው፤ አንዳንድ ቦታ ቀጥኖ ወደ ታች እስከ መንጠልጠል ይደርሳል። ውኃ ከላይ ገብቶ ኮንክሪቱን አቋርጦ ሲወጣ በውስጡ ያለውን ኖራ አሟሙቶ አምጥቶ እዚያ ጥሎት ሄዷል። ሁለተኛው ቡናማ መስመር ነው። ልብ ብላችሁ ካያችሁት መስመሮቹ ቀጥ ያሉና እኩል የተራራቁ ናቸው። ፌሮው የታሰረው እንደዚያ ስለሆነ ነው። ያ ቡናማ ነገር ቆሻሻ አይደለም፤ ውስጥ ያለው ብረት እየዛገ መሆኑን የሚናገር ምልክት ነው።

ጤነኛ ኮንክሪት ውስጥ የተቀበረ ፌሮ እንዲሁ አይዝግም። ኮንክሪት ከፍተኛ አልካላይነት አለው፤ ፒኤች በሚባለው መለኪያ ከ12 በላይ ነው። በዚህ ውስጥ ብረቱ ዓይን የማያየው ስስ መከላከያ ይለብሳል። ይህን መከላከያ የሚገፉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ አየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሆን በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ እየዘለቀ አልካላይነቱን ያወርደዋል። ሌላው ጨው ነው። በሰሜኑ የአሜሪካ ክፍል ክረምት ሲገባ ሰው እንዳይንሸራተት ደረጃው ላይ የሚበተነው ጨው ከቀለጠው በረዶ ጋር በስንጥቁ ይገባና ፌሮው ጋ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ የቀረው የጊዜ ጉዳይ ነው። ዝገት ከበላው ብረት ከሁለት እስከ ስድስት እጥፍ የሚሆን ቦታ ይፈልጋል። ኮንክሪት ደግሞ ሲጫኑት እንጂ ሲወጥሩት አይችልም። ስለዚህ ከውስጥ ይገፋል፣ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ በመጨረሻም ቁራጩ ተላቆ ይወድቃል። በስንጥቁ የገባው ውኃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ይሰፋልና በየክረምቱ በሩን ይበልጥ ይከፍተዋል።

እንግዲህ በዚህ ላይ ቀለም እንቀባ። ውኃው የሚገባው ከላይ ነው፤ ከመቀመጫው፣ ከደረጃው፣ በክፍል በክፍሉ መካከል ካለው የመገጣጠሚያ ክፍተት። የሚወጣው ከታች ነው። ቀቢው ግን የሚያምረው ከታችና ከውጭ ሲታይ ስለሆነ የሚቀባው መውጫውን ነው። አየር የማያሳልፍ ቀለም ከሆነ፣ በላብ በራሰ ሰው ላይ የጎማ ካፖርት እንደ መደረብ ነው፤ እርጥበቱ እዚያው ይታፈናል። ቀለሙ መጀመሪያ ፊኛ ያወጣል፣ ቀጥሎ ይላጣል። ይህ እንኳ ቀላሉ ጉዳት ነው። ዋናው ጉዳት መሐንዲሱ ሊያነባቸው የሚገቡት ነጭና ቡናማ ምልክቶች ከዓይን መጥፋታቸው ነው። ፌሮው ውስጥ ለውስጥ እየተበላ ፊቱ ንጹሕ ይመስላል።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የማውቀው። ስሙን የማልጠራው አንድ ኮሌጅ፣ የቀድሞ ተማሪዎች ለሆምካሚንግ ከመምጣታቸው በፊት ብሎ፣ የስታዲየሙን ውጫዊ ግድግዳና የትሪቡኑን ሆድ በአንድ በጋ ወተት የመሰለ ነጭ አስቀባ። ፎቶው በየብሮሹሩ ወጣ። ከላይ ያሉት የመገጣጠሚያ ክፍተቶች ግን አልተነኩም፤ በውስጣቸው የነበረው ጎማ ደርቆ ከተላቀቀ ቆይቷል። ውኃ መውረጃውም በቅጠልና በኦቾሎኒ ልጣጭ ተደፍኖ ነበር። ጥቂት ክረምቶች ካለፉ በኋላ ሄጄ ሳየው ነጩ ቀለም ፌሮውን ተከትሎ በመስመር በመስመር ተላጥቷል፤ የዳቦ ቁራሽ የምታህል የኮንክሪት ቁራጭ ከሳንዱች መሸጫው አጠገብ ወድቃ በቢጫ ሪባን ተከባለች። ማንም አልተጎዳም። አንድ ክፍል ተዘጋ፣ ቀለሙ በከፍተኛ ግፊት ውኃና በአሸዋ ተፍቆ ተነሣ፣ ጥገናው እንደ አዲስ ተጀመረ። ቀለም ለመቀባት ከከፈሉት ይልቅ ቀለሙን ለማንሣት የከፈሉት ሳይበልጥ አይቀርም። የምርመራው ውጤት ሲነገር ደግሞ ሁሉም «ድንገት» አሉ። ድንገት! ጣሪያው ላይ ለዓመታት ተጽፎ የኖረውን በገዛ እጃቸው ከሸፈኑት በኋላ።

ትዕግሥቴን የሚያሳጣኝ ቀለም ሻጩ አይደለም፤ እሱ ሥራውን ነው የሚሠራው። የሚያስቆጣኝ በኮምፒውተር የተሣለ ሥዕል ይዞ ስብሰባ ላይ የሚቆመው አማካሪ ነው። በሥዕሉ ላይ ሁልጊዜ ምሽት ነው፣ ሰማዩ ሐምራዊ ነው፣ ስታዲየሙ ከሥሩ በመብራት ደምቋል፣ ቆንጆ ቆንጆ ቤተሰቦች ይሄዳሉ። ዝናብ ሲዘንብ የሚያሳይ ሥዕል ይዞ የመጣ አማካሪ እስከ ዛሬ አላየሁም። የትሪቡኑን ሆድ የሚያሳይማ ከየት ይመጣል? የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንቶችም ከወቀሳ አያመልጡም። ውኃ መከላከያ የሚመረቅ ሪባን የለውም፤ ሰጪ ሀብታም ስሙን በአሸንዳ ላይ አያስቀርጽም። ስለዚህ ገንዘቡ ወደሚታየው ይሄዳል።

ይህን ሁሉ ስል ቀለም ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። «ይቀባ» ባዮቹ የሚሉት ግማሽ እውነት አለው፤ ለዚህም ነው ለማረም የሚያስቸግረው። የብረት ትሪቡን፣ የብረት መወጣጫና መደገፊያ ካልተቀባ ይበላል፤ እዚያ ቀለም ጌጥ ሳይሆን ጥገና ነው። ለኮንክሪትም ቢሆን እንፋሎት እያሳለፈ ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚያግድ ቅብ አለ፤ ወደ ውስጥ ሰርጎ ውኃ እንዳይገባ የሚያደርግ ቀለም አልባ ፈሳሽም አለ። በተስተካከለ ገጽ ላይ በትክክል ከተደረጉ ዕድሜ ይጨምራሉ። ልዩነቱ በተራው ላይ ነው፤ ቅብ መጨረሻ ነው የሚመጣው።

መጀመሪያ የሚመጣው መዶሻ ነው። ባለሙያው ደረጃውን እየኳኳ ይሄዳል፤ ጤነኛው ኮንክሪት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ውስጥ ለውስጥ የተላቀቀው ደግሞ ደነዝ ያለ፣ ባዶ ድምፅ። ሰፊ ወለል ከሆነ ሰንሰለት ይጎትቱበታል፣ ጆሮ እዚያም ያውቀዋል። ባዶ የጮኸው በቾክ ይከበባል። ከዚያ ውኃው ይያዛል፤ መውረጃው ይጠረጋል፣ የመገጣጠሚያ ክፍተቶቹ ጎማ ይቀየራል፣ ሰው የሚረግጠው የላይኛው ገጽ ውኃ የማያስገባ ሽፋን ይለብሳል። ቀጥሎ በቾክ የተከበበው ይቦረቦራል፤ ፌሮው እስኪታይ ብቻ ሳይሆን ከጀርባው ጣት እስኪያስገባ ድረስ። ዝገቱ ይጠራል፣ የሳሳው ፌሮ ይታገዛል፣ አዲስ ኮንክሪት ይሞላል። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ቀለም ቀቢው ይጠራ፤ ያን ጊዜ መሰላሉን እኔ ራሴ እይዝለታለሁ።

የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው ይህ ስታዲየም ከኦለንታንጂ ወንዝ ዳር ነው የቆመው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ እስከ 2001 በተካሄደው ትልቅ እድሳት ሜዳውን ከ4 ሜትር በላይ ወደ ታች ለማውረድ ተወሰነ። እዚያ ጥልቀት ላይ ግን ከርሰ ምድር ውኃው ይጠብቃል። ስለዚህ በዙሪያው ውኃ የሚያግድ ግድግዳ መሬት ውስጥ ተሠራ። ያን ግድግዳ የሚያይ ተመልካች የለም፤ ሰው ፎቶ የሚነሣው ከሮሙ ፓንቴዮን በተቀዳው ጉልላታማ መግቢያ ሥር ነው። ግድግዳው ባይኖር ግን ሜዳው ኩሬ ይሆን ነበር። ውበቱን ተሸክሞ ያቆመው ያ የማይታየው ሥራ ነው።

ሃርቫርድንም እንይ። በ1903 ሲሠራ አርማታ በዚያ መጠን ብዙም ያልተሞከረ ነገር ነበር፤ ላዩን የሚዞረው የዓምዶች ሰልፍ በ1910 ተጨመረ። ሰማንያ ዓመት ሲጠጋው ትሪቡኑ ተጎሳቁሎ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያደረጉት ግድግዳውን በነጭ መለቅለቅ አልነበረም። ውጫዊው ቅርጽ እንዳለ ሆኖ ዝናብና በረዶ የሚያርፍበትን የመቀመጫ ደረጃ በአዲስ ኮንክሪት ተኩ፣ ደጋፊ ብረት አስገቡ። በ1984 የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ የእግር ኳስ የምድብ ጨዋታዎች እዚያ ተካሄዱ፤ በ1987 ብሔራዊ ታሪካዊ ምልክት ተባለ። ዛሬም ፊቱ ያረጀ ግራጫ ነው። ደግሞ ያምራል። ሽማግሌ ጸጉሩን ጥቁር ስላላስቀባ አስቀያሚ ነው ያለ ማነው?

ትንንሾቹን ተረቶች እንግዲህ ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው።

ተረት፦ «አንድ ትልቅ፣ ደማቅ ነገር ቢጨመርበት መልኩ ይለወጣል»

ይለወጣል፤ ወዴት እንደሆነ ግን ሚሺጋንን ጠይቁ። በ1998 ስታዲየሙ ሲሰፋና ከ107 ሺህ በላይ ሰው እንዲይዝ ሲደረግ፣ ዙሪያውን ደማቅ ቢጫ ቀለበት ተደረገለት፤ የቡድኑ መዝሙር ቃላትና ክንፍ ያለው የራስ ቁር ሥዕል የወጣበት። ንድፉ የተራ ሰው አልነበረም፣ ከዝነኛው አርክቴክት ከሮበርት ቬንቹሪ ቢሮ የወጣ ነበር። ደጋፊው ግን አልወደደውም። ትሑት ሆኖ መሬት ውስጥ የተቀበረ፣ ከውጭ ሲያዩት ምንም የማይመስል መሆኑ ነበር የዚያ ስታዲየም ኩራት። በ2000 ቀለበቱ ወረደ። ሁለት ዓመት እንኳ በወጉ አልቆየም።

ከአሥር ዓመት በኋላ ያው ሚሺጋን 226 ሚሊዮን ዶላር አውጥቶ በምሥራቅና በምዕራብ አዲስ ሕንፃ አቆመ፣ ፊቱንም ጡብ አለበሰው። ያ ሠራ፤ ከግቢው ጋር ተስማምቶ ድሮም የነበረ ያህል መሰለ። ይህን ያዩ ትንንሽ ኮሌጆች ደግሞ «ጡብ ነው መፍትሔው» ብለው በአሮጌ ግድግዳቸው ላይ ጡብ ለመለጠፍ ተነሡ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይሏችኋል ይህ ነው። የሚሺጋኑ ጡብ የቆመው ለእሱ በተሠራ አዲስ መዋቅር ላይ ነው። ያረጀ፣ ውኃ የሚያስገባ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጡብ ቀለሙ ያደረገውን ያደርጋል፤ በክብደት ብቻ ይበልጠዋል።

ተረት፦ «ለአካል ጉዳተኛ የሚሠራው መወጣጫ መልኩን ያበላሻል»

ይህን በስብሰባ ላይ በግልጽ የሚናገሩት ጥቂቶች ናቸው፤ በልባቸው ይዘውት በጀት የሚቆርጡት ግን ብዙ። በሕግ አያዋጣም። ያው የሚሺጋን እድሳት እየታቀደ ሳለ በ2007 ሽባ የሆኑ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ዩኒቨርሲቲውን ከሰሰ፤ የፌዴራሉ የፍትሕ መሥሪያ ቤትም ገባበት። በ2008 በስምምነት ሲያልቅ የዊልቸር ቦታው ከ300 በላይ እንዲሆን ተወሰነ። ያ ሁሉ ቦታ ከገባ በኋላ ስታዲየሙ አስቀያሚ ሆነ ያለ ሰው አልሰማሁም። ሰፋ ያለ፣ ዘንበል ያለ፣ ቀላል መወጣጫ ለአሮጊት እናትም፣ ሕፃን በጋሪ ለምትገፋም መንገድ ነው።

ተረት፦ «ታሪካዊ መዝገብ ላይ ከገባ ምስማር እንኳ አይመታበትም»

ውሸት ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ መዝገብ ላይ መስፈር በራሱ ባለቤቱ በገዛ ገንዘቡ እንዳይነካው አያግድም፤ የአካባቢው ደንብ ሌላ ጉዳይ ነው። የኦሃዮ ስታዲየም ከ1970ዎቹ ጀምሮ መዝገብ ላይ ነበር፣ ከላይ የነገርኳችሁ እድሳት ሁሉ ግን ተካሂዶበታል። የሚያስከትለው ነገር ካለ ማዕረግ ማጣት ነው። የኮሌጅ ባይሆንም የቺካጎው ሶልጀር ፊልድ ምስክር ነው፤ በአሮጌዎቹ ዓምዶች መሐል በ2003 አዲስ የብርጭቆና የብረት ስታዲየም ከተተከለበት በኋላ በ2006 የብሔራዊ ታሪካዊ ምልክትነቱን ተነጥቋል።

ተረት፦ «ካማረ ሰው ይመጣል፤ ሰው ከመጣ ወጪውን ራሱ ይከፍላል»

በርክሌይ ይህን አምኖ ነበር። የ1923ቱ ስታዲየም የተሠራው ሄይዋርድ በሚባለው የመሬት ስንጥቅ ላይ ነው፤ ስንጥቁ ከአንዱ ጎል ወደ ሌላው ሜዳውን ያቋርጣል፣ ግድግዳው በዓመታት ቀስ እያለ ሲሳሳብ ይታይ ነበር። ስለዚህ መጠገኑ የግድ ነበር፣ ይህን አልከራከርም። ታሪካዊውን የውጭ ግድግዳ አስቀርተው፣ በስንጥቁ ላይ ያሉት የትሪቡን ክፍሎች ለብቻቸው መንቀሳቀስ እንዲችሉ አድርገው በ2012 ከፈቱት። በምሕንድስና የሚያስደንቅ ሥራ ነው። ወጪው 321 ሚሊዮን ዶላር። ወጪውን ይሸፍናል የተባለው ለረጅም ዓመታት የሚሸጥ ውድ መቀመጫ ነበር፤ የታሰበውን ያህል ገዢ አልተገኘም፣ ዕዳው ዩኒቨርሲቲውን ለዓመታት አንቆ ያዘው። የተዋበ ስታዲየም ሰው ይስባል፤ ቡድኑ እየተሸነፈ ግን ሰው ለግድግዳ ሲል ትኬት አይቆርጥም።

ተረት፦ «ያረጀ ስታዲየም አይታደስም፤ ማፍረስ ነው»

እዚህ ላይ ልቤ ሁለት ነው። በኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ያለውን ሄይዋርድ ፊልድ ታውቁታላችሁ። የምሥራቁ ትሪቡን በ1925 የተሠራ እንጨት ነበር፤ የአሜሪካ አትሌቲክስ ቤት የሚባለው ስፍራ ነፍስ እሱ ነው የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። እንዳይፈርስ ተከራከሩ፣ አልሆነም። በ2018 ፈረሰ፣ በ2020 በቦታው አዲሱ ተከፈተ። በ2022 የዓለም ሻምፒዮና ለተሰንበት ግደይ በ10 ሺህ፣ ጉዳፍ ፀጋይ በ5 ሺህ ሜትር ወርቅ ያጠለቁት አዲሱ ትሪቡን ሥር ነው፤ ጉዳፍ በ2023 እዚያው ተመልሳ የ5 ሺህ ሜትርን የዓለም ክብረ ወሰን 14 ደቂቃ ከ00.21 ሰከንድ አድርሳው ነበር። ያንን ውድድር ያየ ሰው «አሮጌው ይሻል ነበር» ለማለት አፉ ይያዛል። አዲሱ ያምራል፣ ከሁሉም መቀመጫ ሜዳው ይታያል። ሆኖም ለዚያ ማፍረስ ምክንያት የሆነው ነገር በሌላ ኮሌጅ አይገኝም። ለወጪው በልግስና የሰጠ የናይኪ መሥራች አልነበራቸውም ሌሎቹ። የእንጨት ትሪቡን ዕጣም የአርማታ ዕጣ አይደለም። የሃርቫርድ ስታዲየም ባይኖር፣ ሜዳው በኮንክሪት ታጥሮ አልሰፋ ስላለ በ1906 በፉትቦል ኳስን ወደ ፊት መወርወር በሕግ ተፈቀደ የሚባለው ወግ ራሱ ባልኖረ። እንዲህ ያለ ታሪክ የያዘ ግድግዳ በጥገና ሊቆም እየቻለ ዶዘር መጥራት ስንፍና ይመስለኛል።

ተረት ያልሆነ አንድ ነገር ልጨምር፤ ቀለም በእርግጥ ስታዲየም የለወጠበት ጊዜ አለ። የቦይዚ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ1986 ሰው ሠራሽ ሣሩን መቀየር ግድ ሲሆንበት አረንጓዴ መግዛቱን ትቶ ሰማያዊ አነጠፈ። ብዙ ሰው ሳቀ። ዛሬ ያን ስታዲየም በቴሌቪዥን ለአንድ ሰከንድ ያየ ሁሉ የት እንደሆነ ያውቃል። ልብ በሉ፣ ሣሩ ያን ጊዜ መቀየር ነበረበት፤ ለቀለሙ ሲባል ሌላ ሥራ አልተዘለለም። ምን ያህሉ ብልሃት ምን ያህሉ ዕድል እንደነበር ለመናገር ይከብደኛል፤ ቀይም ሐምራዊም ያነጠፉ ኮሌጆች ተከትለዋል፣ ያን ያህል የሚታወስ ግን የለም።

ከእናንተ መካከል በዚህ አገር ኮሌጅ የተማራችሁ ብዙ ናችሁ፤ የምሩቃን ቢሮው በየመከሩ ደብዳቤ ይልክላችኋል። ውስጡ ያች የምሽት ሥዕል አለች፣ ከሥሯም ለስታዲየሙ እድሳት እርዱን ይላል። ከመርዳታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቋቸው። ኮንክሪቱ ለመጨረሻ ጊዜ በመሐንዲስ የተፈተሸው መቼ ነው፣ ሪፖርቱንስ ማየት ይቻላል? ከሚሰበሰበው ገንዘብ ስንቱ ለውኃ መከላከያ፣ ለመውረጃና ለመገጣጠሚያ ክፍተት ነው? ቀለሙ ከመቀባቱ በፊት የሚጠገነው ምንድን ነው? ሳይቃጠል በቅጠል ብሎ የሚሠራ ኮሌጅ እነዚህን በአንድ ገጽ ይመልሳል፤ እንዲያውም ጠያቂ በማግኘቱ ደስ ይለዋል። በመልስ ፈንታ ሌላ ሥዕል ከላኩላችሁ ቼኩን አትጻፉ።